የማሙሽ ደረት

ሕፃን ተኝቶ እንደዚያ እንደሚንጫጫ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ማልቀሱን አይደለም የምላችሁ፤ ማልቀሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እንቅልፍ ላይ ሆኖ የሚያሰማውን ነው። ያንኮራፋል፣ ያጉረመርማል፣ እንደ ድመት ያስነጥሳል፣ ዘይት እንዳጣ በር ሲጥጥ ይላል። ከዚያ በድንገት ጭጭ! የእኔ መከራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... አምስት ላይ የቤት ሥራዬን እጥላለሁ፣ ስድስት ላይ ተነስቻለሁ፣ ሰባት ላይ ጣቴን አፍንጫው ሥር አስጠግቻለሁ። ስምንት ከማለቴ በፊት ፉፍ ብሎ ይቀጥላል። እሱ ይቀጥላል፤ የእኔ ልብ ግን ወደ ቦታዋ ለመመለስ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል።

ወንድሜ የተወለደው እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። በመሀላችን ሌላ ልጅ የለም። እናቴ «እግዜር ረስቶኝ ከርሞ ነው፤ ትዝ ስለው ደግሞ ወንድ ሰጠኝ» እያለች ትስቃለች። አባቴ አይስቅም፤ ያንን ልጅ ሲያይ አፉን ከፍቶ ይቀራል እንጂ። አባቴ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ኤርፖርትና ከተማ መሀል ሲመላለስ ይውላል። መጀመሪያ ብቻውን አሜሪካ መጥቶ ዴንቨር ካፒቶል ሂል አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ እኛን ካስመጣን በኋላ ኦሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ ዳር ካሉት አፓርትመንቶች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ገባን። ወንድሜም እዚያው ቤት መጣ። ስም ወጥቶለታል፤ ግን በስሙ የሚጠራው የለም። ለሁሉም ማሙሽ ነው።

እኔ ደግሞ የቤቱ አስተርጓሚ ነኝ። እናቴ እንግሊዝኛ ትሰማለች፣ ሥራ ቦታ ትግባባለች፣ ገበያም ትከራከራለች፤ ሐኪም ፊት ስትቆም ግን ምላሷ ይታሰራል። ስለዚህ ማሙሽን ይዘን ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ ያለችውን ሁሉ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። «ሕፃናት አተነፋፈሳቸው ወጥ አይደለም» አለች። «ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ፣ ትንሽ ቆም ይላሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ፤ አትደንግጡ። ከተጠራጠራችሁ ግን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩለት።» ከስልሳ በላይ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ መጥባት እምቢ ካለ፣ ደውሉ። ከንፈሩ ሰማያዊ ከመሰለ ደግሞ አምቡላንስ። ስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀትም ሰጠችን። እናቴ «እሺ፣ እሺ» ብላ እዚያው ረሳችው። እኔ ግን «ቁጠሩለት» የምትለዋን ቃል ይዤ ቤት ገባሁ።

ድሮም ቢሆን አርፌ መቀመጥ አላውቅም። እናቴ ለሰው ስታስተዋውቀኝ «ቂጧ ላይ እሾህ የበቀለባት ልጄ» ነው የምትለው። እንዲህ ላለ ሰው የሚቆጠር ነገር መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጃኬቴን ሳላወልቅ እቆጥራለሁ፤ አርባ አራት። ወተት ጠጥቼ እመለሳለሁ፤ አርባ ሁለት። ሁለቷ የት ሄደች? እንደገና እቆጥራለሁ፤ አርባ ሰባት። ክፍል ውስጥ ሆኜ እንኳ እግሬ ይቆጥራል። የሒሳብ አስተማሪዬ «ምነው፣ ሽንት ቤት ነው?» ስትለኝ «አዎ» ብዬ ወጥቼ ቤት ደውዬ አውቃለሁ። «እማዬ፣ እየተነፈሰ ነው?» «አይ፣ ዛሬ ዕረፍት ወጥቷል» ትለኝና ትዘጋብኛለች።

አሁን እማማን ላስተዋውቃችሁ። ምድር ቤት ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው ስትወልድ ሊያርሷት ነበር ከአዲስ አበባ የመጡት፤ ያኔ የተወለደችው ልጅ አሁን ኪንደርጋርተን ገብታለች፣ እሳቸው ግን ገና «በሚመጣው ወር እሄዳለሁ» ይላሉ። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ እናቴ ደግሞ እናትም እህትም እዚህ የላትም። ስለዚህ እማማ በየቀኑ ጠዋት ደረጃውን ወጥተው ይመጣሉ፣ ነጠላቸውን ወንበር ላይ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ቤቱ የእሳቸው ነው።

በእማማ ሕግ መስኮት አይከፈትም። ሂተሩ እስከ መጨረሻው ይዞራል። ደጁ በረዶ፣ ቤቱ አፋር። ማሙሽ ደግሞ መጀመሪያ ካናቴራ፣ በላዩ ቱታ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከዚያ አንድ ቀጭን ብርድ ልብስ፣ ከዚያ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ቆብ፣ ከሁሉም በላይ ፊቱን ከዓይን የምትሸፍነው ነጠላ። የዚህ ሁሉ ጥቅል ባለቤት አምስት ኪሎ አይሞላም። ለምርመራ ስንወስደው እንኳ እንደ ተሰረቀ ዕቃ ሸፋፍነን አስገብተን፣ ሸፋፍነን ነበር ያስወጣነው።

የእኔን ቆጠራ እማማ አይወዱትም።

«የሰው ልጅ አይቆጠርም!»

«እማማ፣ እሱን መች ቆጠርኩ? ትንፋሹን ነው እኮ።»

«ትንፋሹስ የማን ነው? የጎረቤት ነው?»

ስለዚህ ድምፅ ሳላወጣ እቆጥራለሁ። ደረቱንማ በዚያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ ከየት አምጥቼ አየዋለሁ? በጆሮዬ ነው የምቆጥረው፣ ወይም እጄን ብርድ ልብሱ ላይ አድርጌ።

ጠያቂም ይመጣል፤ ጠያቂ የሌለበት አራስ ቤት የለም። አንዷ ከሌሎቹ ይልቅ ትመላለስ ነበር፤ የእናቴ የሥራ ባልደረባ የነበረች፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር አዲስ ቤት ገዝታ የገባች፣ ትልቅ ሚኒቫን የምትነዳ ሴት። ስሟን ትቼ የግሪን ቫሊዋ ልበላት። ዳይፐር በካርቶን ይዛ ትመጣለች፣ ምግብ በድስት ይዛ ትመጣለች፣ ሳልም ይዛ ትመጣለች።

«ኧረ ጉንፋን አይደለም» ትላለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሳለች። «የዚህ አገር አየር ነው። ደረቅ ነው እኮ!»

ከዚያ የማሙሽን ነጠላ ገለጥ አድርጋ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አፍንጫውን ትስመዋለች። እማማም በተራቸው ይጠጉና «እንትፍ፣ እንትፍ! እደግ፣ ተመንደግ» ብለው ይመርቁታል። ምርቃቱ ባዶ ድምፅ አይደለም፤ የምራቅ ፍንጥቅጣቂ አለው። ማሙሽ ዓይኑን ይጨፍናል።

የሰው ሳል እያወራሁ የራሴን ልደብቅ አልችልም። ማክሰኞ ዕለት ጉሮሮዬን ከረከረኝ። እኔ ላይ ብቻ የሚሠራ አንድ ሕግ ነበረ፤ «ትምህርት ቤት ጉንፋን ከያዘሽ ልጁ ጋ እንዳትደርሺ!» እንግዳ አይከለከልም፤ ነውር ነው። ልጅ ግን ይከለከላል። እኔም ዝም አልኩ። ሳል ሲመጣብኝ «ቆሻሻ ልጣል» ብዬ ደረጃው ላይ ወጥቼ ስዬ እመለሳለሁ። በአንድ ቀን አራት ጊዜ ቆሻሻ ጣልኩ። እናቴ «ልጄ አድጋለች፣ ሥራ ወዳለች» ብላ መረቀችኝ። የደበቅኩት እንዳልቆጥር እንዳይከለክሉኝ ነው እንጂ ሌላ ተንኮል አልነበረኝም። አልስመውም ብዬም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኑ ላይ ሳምኩት። እሺ፣ ሦስት ጊዜ።

ሐሙስ ማሙሽ ማስነጠስ አበዛ። ዓርብ አፍንጫው ተዘጋ፤ እማማ በአፋቸው መጠው አወጡለትና «ቀለል ብሎታል» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ጡት ይይዝና ሁለት ጊዜ ስቦ ይለቃል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና ይይዛል፣ ይለቃል። ዳይፐሩም እንደ ወትሮው አልከበደም። ከሰዓት በኋላ እጄን ብርድ ልብሱ ላይ አድርጌ ቆጠርኩ። ስልሳ ስድስት። ተሳስቻለሁ አልኩ። ሶፋውን ዞርኩ፣ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ምንም ሳልይዝ ወጣሁ፣ ቆጠርኩ። ሰባ አንድ።

«እማዬ፣ ሰባ አንድ ነው።»

«ምኑ?»

«ትንፋሹ! ከስልሳ ካለፈ ደውሉ ብላ ነበር እኮ ነርሷ!»

ቤት ውስጥ አራት ነበርን፤ እናቴ፣ እማማ፣ የግሪን ቫሊዋና እኔ። አባቴ ሥራ ላይ ነው። እማማ ማሙሽን ተቀብለው አገጩን ዝቅ አድርገው አፉ ውስጥ አዩ።

«እንጥሉ ወርዷል» አሉ ቁርጥ አድርገው።

እንጥል ማለት ጉሮሮ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ የምትታየው ትንሽ ሥጋ ናት። እማማ እንደሚሉት ይህቺ ሥጋ ትወርድና የልጁን ትንፋሽ ትዘጋለች፤ ስለዚህ ትቆረጣለች። በሐኪም አይደለም። በሚያውቅ ሰው።

«ለእኔም ተቆርጦልኛል» አለች እናቴ፣ ራሷን የምታጽናና ይመስል። «ምን ሆንኩ?»

«እዚህም እኮ የሚያውቁ ሰውዬ አሉ» አለች የግሪን ቫሊዋ። «የአንዲቷን ልጅ አይተውላታል አሉ። ቁጥራቸውን ልጠይቅላችሁ?» ብላ እጇን ወደ ስልኩ ሰደደች።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። የቡና ጠረጴዛውን በላዩ ነው የዘለልኩት መሰለኝ። ገመድ አልባዋን ስልክ ከእጇ ቀድሜ አነሳሁና ፍሪጁ ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ሮጥኩ።

«አንቺ! ከታላቅ እጅ ትነጥቂያለሽ?» አለች እናቴ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ!» እያልኩ ደወልኩ። ነርስ አነሳች። ስለ ትንፋሹ ነገርኳትና ስፒከር አደረግኩት። አንድ ቦታ መቆም ስላቃተኝ ከፍሪጅ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ ፍሪጅ እየተመላለስኩ ነበር የምተረጉመው።

ነርሷ «እናትየው አጠገብሽ ናት? ትሰማኛለች?» አለች። እናቴ ገብቷታል፤ እኛ አገር እንደሚደረገው ትንፋሿን ሽቅብ ሳብ አድርጋ «እህ!» ብላ «አዎ» አለቻት።

ነርሷ ደነገጠች። «ያ ድምፅ ምንድን ነው? ሕፃኑ ነው?»

«አይ፣ እናቴ ናት። አዎ ማለቷ ነው።»

«እሷም መተንፈስ ያስቸግራታል?»

«ደኅና ናት!» አልኩ። «አይደል እማዬ? ደኅና አይደለሽም?» ሦስቱም ሴቶች ባንድ ላይ ትንፋሻቸውን ሽቅብ ሳቡ። ነርሷ ቤታችን ውስጥ ስንት በሽተኛ እንዳለ ግራ ሳይገባት አልቀረም። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ሳቄ መጣ፤ እናቴ በዓይኗ መለሰችው።

«አሁን የማዝሽን አድርጊልኝ» አለች ነርሷ። «ልብሱን በሙሉ አውልቁለት። ዳይፐሩ ብቻ ይቅር። ሲተነፍስ ደረቱን እይና የምታይውን ንገሪኝ።»

ይህን መተርጎም ቀላል መሰላችሁ?

«ልብሱን አውልቁለት አለች።»

«ቆቡን?» አለች እናቴ።

«ሁሉንም።»

«ሴትዮዋ አብዳለች እንዴ?» አሉ እማማ። ማሙሽን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «በዚህ በረዶ? አርባው ያልሞላ ልጅ? ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ዕርቃኑን? ብርድ ቢመታው ስልክ ውስጥ ሆና ልታድነው ነው?»

«ምን እያሉ ነው?» አለች ነርሷ።

«ይበርደዋል ነው የሚሉት።»

«ለአንድ ደቂቃ ምንም አይሆንም። የኔ ቆንጆ፣ ደረቱን ካላየሽልኝ ምንም ልነግርሽ አልችልም።»

እናቴን አየኋት። እናቴ እማማን አየች። ወንድሜ በዚያ ጥቅል ውስጥ ሆኖ እህ፣ እህ፣ እህ ይላል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር ማቃሰት፣ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩና ነጠላዋን አነሳሁ። ወፍራሙን ብርድ ልብስ ስይዝ እማማ አንጓዬን ጨበጡኝ።

«እጅሽን ሰብስቢ!»

«ይተዋት፣ እማማ» አለች እናቴ።

በእነዚያ ሠላሳ ስድስት ቀኖች ውስጥ እናቴ እማማን «ይተው» ስትል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እማማ ለቀቁኝ። ማሙሽን ሶፋው ላይ አስተኛነው። እናቴ ከላይ፣ እኔ ከታች፤ ቀጭኑን ብርድ ልብስ፣ ሹራቡን፣ ቱታውን፣ ካናቴራውን። ልብሱ ሁሉ በላብ ርሶ ነበር።

ከዚያ ደረቱን አየነው።

በእያንዳንዱ ትንፋሽ የጎድን አጥንቶቹ መሀል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው ከጀርባው ሆኖ በክር የሚጎትተው ነበር የሚመስለው። ከጎድኑ በታች ደግሞ አውራ ጣቴን የሚያስገባ ጉድጓድ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ሆዱ ሲነፋ ደረቱ ይጎደጉዳል። የአፍንጫው ቀዳዳዎች እንደ ጥንቸል ይርገበገባሉ። ያንን ሁሉ ቀን በጆሮዬ ስቆጥር፣ ይህ ሁሉ ከጨርቅ በታች ነበር።

«ወደ ውስጥ ይገባል» አልኩ ለነርሷ። «በጎድኑ መሀል። ከታችም። ሲተነፍስ ያቃስታል።»

«ከንፈሩስ?»

«ከንፈሩ ደኅና ነው። ገርጥቷል እንጂ ሰማያዊ አይደለም።»

«አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል አምጡት። መንገድ ላይ ከንፈሩ ከተለወጠ ወይም ትንፋሹ ከቆመ መኪናውን አቁሙና አምቡላንስ ጥሩ።»

ተረጎምኩ። እናቴ ቆማለች፣ አትንቀሳቀስም። «አርባው ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶት...» አለች። «አልጋ ከያዘስ? ክርስትናውስ?»

ወደ እማማ ዞረች። እኔም ዞርኩ። የሚሉት ነገር ሁሉን እንደሚወስን ሁላችንም እናውቃለን። እማማ ግን እኛን አያዩም፤ የማሙሽን ጎድን ነው የሚያዩት። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን እዚያ ጉድጓድ ላይ አደረጉና ከትንፋሹ ጋር ሲወጣና ሲገባ ተከተሉት።

«ይህ እንጥል አይደለም» አሉ ቀስ ብለው።

ማንም አልተነፈሰም፤ ከእሱ በቀር።

«ሁለተኛው ልጄ እንዲህ ነበር ሲተነፍስ። እንዲሁ። እንጥል ነው አሉና አስቆረጥነው።» ቀና አሉ። የቀረውን አልተናገሩም፤ ልጆቻቸው ስንት እንደሆኑና ሁለተኛው እንደሌለ እናውቃለን። «ክርስትናውን ቄሱ ይጠብቁናል። ክርስትና በሕይወት ላለ ልጅ ነው። አንቺ፣ ጫማዬን አቀብዪኝ።»

የግሪን ቫሊዋ ቁልፏን ይዛ በሩ ላይ ነበረች።

እኔ ከኋላ ማሙሽ ከታሰረበት ካር ሲት ጎን ተቀመጥኩ። ስቆጥር የመንገድ መብራት ይቀላል፣ ቁጥሩ ይጠፋኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። «ቀዩን ጥሺው!» አልኩ፤ የግሪን ቫሊዋም ስታመነታ እማማ «እኛም እንድረስ እንጂ፣ ልጄ» አሏት። ለአባቴ በእሷ ስልክ ደወልኩለት። ተሳፋሪ ይዞ ነበር፤ ያልኩትን ሲሰማ ያለው «እየተነፈሰ ነው?» ብቻ ነው። እናቴን ስጠይቃት የኖርኩት ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያን ጊዜ ገባኝ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቀይ መብራት ያላት ላስቲክ እግሩ አውራ ጣት ላይ ጠቀለሉ። ስክሪኑ ላይ ሰማንያ ስድስት ወጣ። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን መጠን ነው፤ ዝቅተኛ ነው አሉ። አንዲት ነርስ በቀጭን ቱቦ ከአፍንጫው ንፍጡን ስትስበው እማማ «ወይ ጉድ! እኔ በአፌ ስለፋ!» አሉ። ከዚያ ሁለት ቀዳዳ ያላት የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ ተለጠፈች፤ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ዘጠና ሁለት። ያቺን ስክሪን እንዴት እንደወደድኳት! ለእኔ የምትቆጥርልኝ ማሽን አገኘሁ።

ዶክተሩ ሲመጣ ልተረጉም ተነሳሁ። «አመሰግናለሁ፣ ግን ልጅ አያስተረጉምም» አለና ስልክ ስፒከር ላይ አድርጎ አስተርጓሚ አስጠራ። ተሻርኩ። ከስልኩ ውስጥ የወጣው ሰው አማርኛው የሬዲዮ ዜና ነው፤ «ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ። በመኖሪያ ቤትዎ ውስጥ ሰሞኑን በጉንፋን ወይም በሳል የታመመ ሰው ነበረ ወይ?»

እናቴ ሳታስብ «የለም» አለች።

የግሪን ቫሊዋ አጠገቧ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋ አፏ ላይ። እናቴ እንግዳዋን አታዋርድም፤ አውቃለሁ። ዶክተሩ መጻፍ ጀመረ። የእኔ እግር ወንበሩን ይመታል፣ ይመታል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ቆሻሻ ስጥል ነው የከረምኩት።

«እኔ ነበርኩ» አልኩ በአማርኛ።

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጠየቀ፤ «አሁን የተናገረው ማነው?»

«እህቱ ነኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ አሞኝ ነበር። ደበቅኩ። ስሜዋለሁም።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። የግሪን ቫሊዋ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። «እኔም» አለች። «አየሩ ነው ስል የነበረው... ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

«እኔማ እንትፍ ብዬበታለሁ» አሉ እማማ። «በየቀኑ።»

የንስሐ ወረፋ ሆነ። ሰውየው ሁሉንም በየተራ፣ ምንም ሳያስቀር፣ በዚያው የዜና ድምፁ ተረጎመ፤ «አሮጊቷ በየዕለቱ ሕፃኑ ላይ እንደተፉበት ይገልጻሉ።» ዶክተሩ እስክሪብቶውን አቆመ።

«ምርቃት ነው!» አልኩት በእንግሊዝኛ። «መልካም ነገር ነው፣ እውነቴን ነው!»

ዶክተሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከማን እንደያዘው ማወቅ አይቻልም አለ፤ በዚህ ወቅት ሱቁም ትምህርት ቤቱም በዚህ ቫይረስ የተሞላ ነው። እኛን አፍንጫችንን አፍስሶ የሚተወን ጉንፋን የትንሽ ሕፃን የሳንባ ቱቦዎች ውስጥ ሲገባ ያሳብጣቸዋል፣ በንፍጥ ይዘጋቸዋል፤ ቱቦዎቹ እንደ ክር ቀጭን ናቸው። የሚያድን መርፌ የለውም። ኦክስጅን፣ ንፍጡን መሳብ፣ ፈሳሽና ጊዜ ነው። ሳይብስበት አይቀልለውም፤ ግን በጊዜ ደርሳችኋል አለ። አስተኙት።

ሁሉም ሲወጣ እናቴ «ለምን ደበቅሽኝ?» አለችኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እንዳልቆጥር ትከለክዪኛለሽ ብዬ።»

ወንበሯ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና የፊት መሸፈኛ አቀበለችኝ። «በይ ቁጠሪ እንግዲህ» አለች።

አባቴ ደርሶ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ይለካው ጀመር። ነርሶቹ ወንበር ቢሰጡት እምቢ አለ፤ ውኃ ቢሰጡት ብርጭቆውን ይዞ ይዞራል። እሾሁን ከማን እንደወረስኩት ታወቀ። እኔም ተነስቼ ከጎኑ ዞርኩ። እሑድ ከመምሸቱ በፊት ማሙሽ ባሰበት፣ ኦክስጅኑን ጨመሩለት፤ እኔና አባቴ ምንጣፉን ልንጨርሰው ደረስን። ሰኞ ከሰዓት ላይ ጡት ይዞ ሳይለቅ፣ ላብ ጠብ እስኪለው ድረስ ጠባ። እናቴ እያየችው በተቀመጠችበት እንቅልፍ ወሰዳት። ልብስ አልለበሰም፣ ዳይፐር ብቻ፤ ጉድጓዱን ፈለግኩት። ነበረ፣ ግን የትንሿ ጣቴ ጥፍር ብቻ ነው የሚያክለው። ቆጠርኩ። አርባ ስምንት።

ረቡዕ ቤት ሂዱ ተባልን። ዴንቨር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሲተኛ ኦክስጅኑ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ለጥቂት ቀን አንዲት ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ ይሂድ አሉ። የሶዳ ጠርሙስ የምታህል ናት። አባቴ ታክሲውን በር ላይ አቆመ፤ እማማ ከፊት፣ እናቴና እኔ ከኋላ፣ ማሙሽ መሀላችን። ሲሊንደሯ ጭኔ ላይ፣ በሁለት እጄ እንደ ታቦት ይዣታለሁ።

ቻምበርስ ጋ ስንደርስ ማሙሽ ነቃ። ፊቱን ጨምድዶ አፉን ከፈተ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ የሆነ ጩኸት ለቀቀ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ አልጮኸም ነበር፤ ሲያቃስት፣ ሲነጫነጭ፣ ሲቆራረጥ ነበር የከረመው። ይህ ግን ረጅም ነው። ከሆዱ ይነሳል፣ መኪናውን ይሞላል፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ አየር ይስብና ከዚያ የሚብስ ይለቃል። እናቴ ልታባብለው ጎንበስ አለች።

«ተይው» አለ አባቴ በመስታወቱ እያያት። «ትንሽ ይጩህ።»

ተወችው። ማናችንም እሹሩሩ አላልንም። ቀይ መብራት ላይ ቆመን አራታችንም ዝም ብለን እናዳምጣለን፤ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እናቴ ከንፈሯን ነክሳ፣ እኔ ጣቶቼ ሲሊንደሯ ላይ ምንም ሳይቆጥሩ። ከጎናችን ትልቅ ፒክአፕ የቆመ ሰውዬ ጩኸቱ በተዘጋ መስኮት ተሰምቶት ዞር አለ። አንድ ሕፃን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ሲጮህ፣ በዙሪያው አራት ሰዎች እንደ ሠርግ ቤት በደስታ ሲያበሩ አየ። እማማ እጃቸውን አውለበለቡለት። አባቴ መሳቅ ጀመረ፣ አፉን ከፍቶ፣ ድምፅ አውጥቶ፤ ከኋላችን ያሉት መኪኖች ሁሉ ጥሩምባ ይነፉብናል፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል።